በማኅበሩ ዋዜማ የፈሰሰው ውሃ

አማቴን አልወዳትም ነበር፤ እሷም አትወደኝም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ የሚያነበኝ ሰው ከምለው ላይ የፈለገውን ያህል ይቀንስልኝ። በሕይወት እያለች አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን አልላትም። ሞታለች። ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ሰው ሲሰማኝ።

ጊዜው ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነበር። እኔ ትክል ድንጋይ ከሚባል ገጠር የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጎንደር የገባሁት ለአንድ ደብር ካህናት ቤተሰብ ተድሬ ነው። ባለቤቴ ዲያቆንና የቅኔ ተማሪ ነበር፤ አባቱ ቄስ ሆነው አገልግለው ባገባሁ ዓመት ሞተዋል። ቤቱን የምታዝበት አማቴ ነበረች፤ ባሏንም በሕይወት እያሉ የምታዛቸው እሷ እንደነበረች ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

በእኛ በኩል የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ስለዚህ የእርግዝናዬ ወር እየገፋ ሲሄድ እናቴ ልትወስደኝ ሁለት ጊዜ ያን ሁሉ መንገድ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ አማቴ አብልታ፣ አጠጥታ፣ በሸጋ ቃል መለሰቻት። “የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደርሷል፤ ማኅበሩ ይለፍና እኔው ራሴ እልካታለሁ” አለቻት። ሠራተኛ አልነበረንም። እኔ ከሄድኩ ጠላውን የሚያጠልልላት ሰው አልነበራትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እናቴ ሁለተኛውን ጊዜ ስትመለስ ደጅ ላይ ጎተት አድርጋኝ፣ “ስሚ” አለችኝ። “አንዳንዴ ከምጡ በፊት ውሃው ይቀድማል። የእንሽርት ውሃ ነው። ሽንት መስሎ ያታልላል። ሽንት ጭንሽን ብትገጥሚ ይያዝልሻል፤ እሱ ግን አይያዝም። ሽታውም የሽንት አይደለም። እሱን ያየሽ ቀን ሥራ ምናምን እንዳትዪ፤ አዋላጅ አስጠሪ።”

“ምነው እንዲህ ትያለሽ፣ ገና ነኝ እኮ” አልኳት። አፍሬ ነበር።

በማኅበሩ ዋዜማ ጧት ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጠላውን አጠልል ነበር። ሦስት ጋን ሙሉ ይጠብቀኛል። ጎንበስ ስል ከውስጤ የሆነ ነገር እጥፍ ብሎ እንደመዘርጋት አለ። አላመመኝም። ወዲያው እስከ ተረከዜ ራስኩ። መጀመሪያ ጠላው የተደፋብኝ መሰለኝ፤ ጠላው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ይህ ለብ ያለ ነበር። ጠላው ጠቆር ያለ ነው፣ ይህ የጠራ ነበር። የቀሚሴን ጫፍ አነሳሁና አሸተትኩት። ጠላም አልሸተተኝም፣ ሽንትም አልሸተተኝም። ብድግ ስል እንደገና መጣ። ጭኖቼን ገጠምኩ፤ አልፎ ወረደ።

አማቴ በር ላይ ለድፎው ኮባ ስትጠርግ ነበር። “እሜቴ፣ ውሃዬ የፈሰሰ ይመስለኛል” አልኳት።

መጥታ መሬቱን አየችው። እኔን አላየችኝም።

“ሽንትሽ ነው” አለች።

“አልያዝ አለኝ እኮ።”

“ይህን የሚያህል ሆድ ተሸክማ የማታፈስ ሴት የለችም። ጨርቅ ታጠቂና ጠላውን ጨርሺ። ደግሞ ለሰው እንዳታወሪ። ነገ ካህናት ይመጣሉ።”

በዚህ በመጨረሻው ቃሏ ሁሉም ነገር ገባኝ። ልጅ የተወለደበት ቤት የአራስ ቤት ነው፤ በጠበል ተረጭቶ እስኪነጻ ካህን አይገባበትም፣ አይቀምስበትም። አዋላጅ ከተጠራች፣ ልጁም ከመጣ፣ ማኅበሩ ቀረ ማለት ነው። ባሏ ከሞቱ ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ተራዋ ነበር። “መበለት ሆና ጽዋውን አትችለውም” ያሉ ሰዎች እንደነበሩም አውቃለሁ፤ ውስጧን ሲበላት የከረመው ይህ ነገር ነበር። ይገባኛል። ገብቶኝም አላዘንኩላትም። አራት ልጆች ወልዳለች፤ የእንሽርት ውሃን አታውቅም ቢሉኝ አላምንም። አውቃ ነው። ከምድጃ አመድ ዘግና መጣችና ርጥቡ ላይ በተነችው፤ ከዚያ በመጥረጊያ ጠራርጋ ወደ ውጭ ጣለችው።

እኔም ከጥፋት ነጻ አይደለሁም። አሮጌ ነጠላ አጥፌ ታጠቅሁና እስኪመሽ ሳጠልል ዋልኩ። እናቴ የነገረችኝ በጆሮዬ ነበር። ግን ከቤቱ እመቤት ጋር አፍ መካፈት ፈራሁ፤ ሽንቷን የማትይዝ መባልም አሳፈረኝ። ምናልባትም ሽንት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ነጠላውን ሊቀይር ብቅ አለ። ነገርኩት። የቀሚሴን ርጥበት አሳየሁት። እግሩን እያየ፣ “እናቴ አራት ወልዳለች፣ እሷ ታውቃለች” አለና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አንዲት የቅኔ ቃል ሳምንት ሙሉ እያገላበጠ የሚያድር ሰው፣ እኔን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ለማየት ጊዜ አጣ። እሱንም ከልቤ የጠላሁት ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

በማግስቱ ጨርቁ ላይ የሚወርደው ወደ አረንጓዴ አደላ፤ ይከረፋም ጀመር። ብርድ ብርድ አለኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ልጁ ዝም ማለቱ ነበር። ሌላ ጊዜ ጧት ጧት ጎኔን እየረገጠ የሚያስቸግረኝ ልጅ ያን ቀን ፀጥ አለ።

ካህናቱና ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ትልቁ ቄስ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እኔ በማሰሮ ጠላ እየዞርኩ እቀዳለሁ። አማቴ በአዲስ ቀሚስ እየተሽቆጠቆጠች “ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ” ትላለች። ትልቁ ቄስ ፊት ስደርስ ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

“አባ” አልኳቸው፣ “የእንሽርት ውሃዬ ከፈሰሰ ትናንት ጧት ነው። ልጁም ዛሬ አልተንቀሳቀሰም።”

አማቴ ቶሎ ብላ፣ “ሽንቷ ነው አባ፤ ልጅ ናት፣ አታውቅም” አለች።

እሳቸው ዳቦውን አስቀመጡ። “ምሽቴ ሰባት ወልዳለች” አሏት። “ስለ ሽንቷ ሰው ፊት የምትናገር ሴት እስካሁን አላየሁም። አዋላጅ አስጠሪ።” ተነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አንዱ ብቻ ዋንጫውን እስኪጨርስ ዘገየ።

አማቴ ተቆርሶ የቀረውን ድፎ እያየች ቆመች። “አዋረድሽኝ” አለችኝ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልጠየቀችም።

አዋላጅዋ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ጨርቁን ማሽተት ነበር። ፊቷ ተለወጠ። “ይህ የዛሬ አይደለም” አለች። “ምነው ዝም አላችሁ?” ምጡ አመሻሽ ላይ ጀመረ፤ ሲነጋጋ ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ገላው እንደ እሳት ይፋጃል። ድምፁ ደካማ ነበር። ጡት ስሰጠው አይስብም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ እናቴ ልትወስደኝ መጣች። ከመሄዴ በፊት ግን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኒያ ቄስም ከመካከላቸው ነበሩ። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ቂም ይዞ አይለያይም አሉ። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ በማኅበር ፊት እናትን ያሳፈረ ልጅ ይቅርታ መለመን አለበት አሉ። እናቴ በዓይኗ “ተንበርከኪና እንሂድ” አለችኝ።

ተንበረከክሁና የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ስጎነበስ ጡቴ አጋተና ወተቱ ቀሚሴን አራሰው፤ ሽማግሌዎቹ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ትንሽ አለቀሰች፤ የእውነቷን ይመስለኛል። “ለሚካኤል ብዬ ይቅር ብያታለሁ” አለች። ሽማግሌዎቹም መረቁን።

ከመካከላቸው አንድ እንኳ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንቺስ ይቅር ብለሻታል ወይ ያለኝ የለም። ቢጠይቁኝ አላልኩም እል ነበር። ዛሬም አላልኩም።