የሰብሳቢውን ማይክ የዘጋችው ባለቤቴ

እኔ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ስጣራ ድምፄ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ባለቤቴ ደግሞ የሰፈራችን መሰብሰቢያ አዳራሽ የድምፅ ባለሙያ ሆና፣ ቤት ውስጥ የራሷን ድምፅ ለመስማት ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለታችንን ያጣመረን አምላክ የዚያን ቀን መቀለድ አምሮት ነበር መሰለኝ።

እሷ ከመቀጠሯ በፊት በዚያ አዳራሽ ጆሮውን በጣቱ ሳይደፍን ስብሰባ የጨረሰ ሰው አልነበረም። ስፒከሩ ያወጣውን ማይኩ መልሶ ይለቅማል፣ ማይኩ የለቀመውን ስፒከሩ አጉልቶ ይለቀዋል፣ ሲቀባበሉት ፉጨት ይሆንና ጥርስ ያንገጫግጫል። የተከፈተ ማይክ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። እሷ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ አንድ ቀን እንኳ አላፏጨም። ይህን የምለው ባሏ ስለሆንኩ አይደለም፤ የሚጠሏትም ይመሰክራሉ።

የድምፅ መቆጣጠሪያ መሣሪያዋ ላይ ጌት የሚሉት ነገር አለ። ማይኩ ላይ ሰው እስኪናገር ድረስ ዘግቶ ይይዘዋል፣ ድምፅ ከተሰመረለት ልክ ሲያልፍ ይከፍተዋል። ልኩን ዝቅ ካደረጉት ለሳልና ለወንበር ጩኸት ሁሉ ይከፈታል፤ ከፍ ካደረጉት የዓይን አፋሩን ሰው ቃል ቆራርጦ ይበላል። ታዲያ ሌላው ባለሙያ ልኩን የሚያሰምረው ተናጋሪውን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አስብሎ ነው። የእኔዋ ግን በቁጥር አታምንም።

«ሲቆጥር ሁሉም ጀግና ነው» ትላለች። «ሰው የከበደውን ሲናገር ድምፁ ሌላ ነው።»

ስለዚህ ከስብሰባ በፊት እያንዳንዱን ተናጋሪ ማይኩ ፊት አቁማ፣ ምን አሳስቦት እንደመጣ ትጠይቀዋለች። እንደ ጄኔራል ሲቆጥር የነበረው ባለ ሱፍ የልቡን ሲጠየቅ ድምፁ ትንኝ ያክላል። ልኩን የምታሰምረው ያኔ ነው።

አምና የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ይዘጋ ተባለ። ሥራው ከተማው ማዶ ካለው ሆስፒታል ጋር ይጠቃለላል ነው ነገሩ። የሚወስነው ሰብሳቢውን ጨምሮ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው፤ መጀመሪያ ግን አዳራሹ ውስጥ ነዋሪውን ይሰማል። የታላቅ እህቴ ባል የሳንባ ታማሚ ነው፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ኦክስጅን የሚያገኘው እዚያ ጤና ጣቢያ ነው። ከተማው ማዶ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር ያስፈልጋል። መስመሩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና እውነቱን ልናገር፤ በሕይወት አይደርስም።

እህቴ «ዝም አይነቅዝም» ተብላ ያደገች ሴት ናት። እንዲህ ሆና «እኔው እናገራለሁ» ስትል አላመንኳትም። ባለቤቴ ማይኩ ፊት አቆመቻትና፣ «እትዬ፣ ባለፈው ባልሽ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ምን አልሽው?» አለቻት።

እህቴ «አለሁልህ አልኩት» አለች፤ አጠገቧ ቆሜ እንኳ በጭንቅ ሰማኋት። ባለቤቴ ልኩን እዚያው ላይ አሰመረች፤ ለዚያ እንዲመቻት የጣሪያውን ማራገቢያዎች ሁሉ አስጠፍታ ነበር።

አዳራሹ ሲሞላ ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆኑና ከወንበራቸው ጀርባ ያለውን ማብሪያ ተጫኑት። ማራገቢያዎቹ መንጓጓት ጀመሩ። ባለቤቴ እጇን እያወዛወዘች ለመነቻቸው፤ «በሙቀት እንሙት እንዴ?» ብለው ሰው አሳቁባት። የማራገቢያው ድምፅ ማይኮቹን ሁሉ ስለከፈተ፣ እንዳያፏጭ የሁሉንም ልክ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባት።

የእህቴ ተራ ደረሰ። ማይኩ «ባለቤ...» አለ። ቀጥሎ «...ፋሹ...» አለ። የሷን ቃል ጌቱ እየበላው ነው። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። እህቴ ወረቀቷን አጠፈች። እኔ «ላንብብልሽ» ብዬ ልነሳ ስል ባለቤቴን አየኋት።

በአንድ እጇ የእህቴን ማይክ ጌት አጠፋች። በሌላው የመድረኩን አምስት ማይኮች፣ ከስፒከሩ ሥር ያለውን የሰብሳቢውንም ጨምራ፣ መሣሪያው ላይ ወደ ታች ስባ ዘጋቻቸው። ከዚያ የእህቴን ድምፅ በጣቷ እየተከተለች ቀስ እያለች ማንሳት ያዘች፤ ትንሽ ብታልፍ ያፏጫል፣ ትንሽ ብታጎድል ይጠፋል።

«ባለቤቴ ትንፋሹ ሲያጥረው» አለ አዳራሹ በእህቴ ድምፅ፣ «አሥር ደቂቃ ነው ያለን። እኔ እየደገፍኩት በእግር እንደርሳለን። አውቶቡስ ውስጥ ማን ይይዝልኛል?»

ሰብሳቢው «ሰዓት አልቋል» ለማለት ማይካቸውን ጠጋ አሉ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። በጣታቸው መቱት፤ ያው ነው። እህቴ ይህን ሳታይ እስከ መጨረሻው ተናገረች። እኔ ጩኸታሙ ሰውዬ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሰብሳቢው ወርደው መጡ። «ማይኬን የዘጋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ። «ማራገቢያው እየሠራ ሁለታችሁም ከተከፈታችሁ ያፏጫል። አንዳችሁ መዘጋት ነበረባችሁ።»

ኮሚቴው ያኔውኑ እጅ አወጣ። አራት ለአንድ፤ ጤና ጣቢያው ይቆያል ተባለ። አንዱ የማን እጅ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

በሳምንቱ ለባለቤቴ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣላት፤ ሌላ ጥፋት ከተገኘባት ከሥራ ትሰናበታለች ይላል። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተነሳሁ፤ ሄጄ ቢሯቸውን በጩኸት ላፈርሰው ነው።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «የሰብሳቢውን ማይክ ዘግታለች ነው የሚለው። ዘግቻለሁ።» ደብዳቤው ላይ ፈረመች። «ይልቅ ልብስህን ቀይር። የእትዬ ባል ኦክስጅን ላይ ነው፤ ሄደን እናሳርፋት፣ ከጠዋት ጀምራ ብቻዋን ናት።»

ተያይዘን ወጣን። ጤና ጣቢያው አምስት ደቂቃ ነው፤ በእግር።