ኩባያዬን የሰበረው ለሳኝ

ሰልፉ ላይ ሦስት ፖሊሶች ሲይዙኝ አፍና አፍንጫዬ በጭምብል ተሸፍኖ ነበር፤ ሕጉን አክብሬያለሁ። በወረርሽኙ ሰሞን የስደተኛ ሱቆች ይዘጉ ሲባል የተቃውሞውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቋንቋውን ያስተማረኝ የለም፤ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የያዝኩት። ያም ሆኖ ጠበቃው እንኳ አንዲት ቃል አላረመብኝም።

የእስር ክፍሉ ለስድስት ሰው የተሠራ ይመስላል። አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ግድግዳው ላይ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሽንት ጠረን ከሳኒታይዘር ጋር ተደባልቆ ዓይን ያቃጥላል። በሽታውን ፈርተን በሰው ኩባያ መጠጣትን ራሳችን ከልክለናል፤ ኩባያ የሌለው ከቧንቧው በእፍኙ ይጠጣል።

አጠገቤ አንድ ሞዛምቢካዊ ለሳኝ ነበር። ዱርንፎንቴን ያለውን የሱቄን ግድግዳ የለሰነልኝ እሱ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለውም። «ና ተሰለፍ፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካህም» ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቀኑ እንዲገፋ ታሪክ አስተምራቸው ነበር፦ ከፖርቱጋሎች የስኳር እርሻ ጠፍተው ብራዚል ጫካ ውስጥ መንደር ስለመሠረቱ፣ አጥራቸውን አጥረው ወታደር ስለመለሱ ባሪያዎች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ትምህርት ቤቱ ተከፈተ?» አለ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ የነበረው የሆሳዕና ሰው። «ፈተናም አለው እንዴ?»

«ላንተ ፈተናው አፍ ዘግቶ መስማት ነው» አልኩት።

ለሳኙ ሽማግሌ ለማለት «ማዳላ» ነው የሚለኝ። «ማዳላ፣ እኛም አገር ነበሩ። ዛምቤዚ ዳር፣ ከፖርቱጋሉ መሬት የጠፉ። የቅድመ አያቴ ወገኖች ናቸው። የጠፋ ሰው አዲስ መንደር ሲደርስ አይለምንም። የአለቃውን ማሰሮ ይሰብራል። ማሰሮው የተሰበረበት አለቃ ሰውየውን ለአሳዳጆቹ አይሰጥም። በዕዳው የሱ ይሆናል።»

«የሱ ባሪያ?»

«የሱ» አለ።

«ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም» ብዬ ዘጋሁት። ሁሉም ሳቁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ ፖሊስ ፎርም ይዞ መጣ። ወረቀት የሌላቸው ከሰዓት በኋላ ወደ ድንበር ይጫናሉ። «አሠሪው ነኝ» ብሎ የሚፈርምለት ሰው ያገኘ ግን ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ይቆያል፤ ፈራሚውም ሕገ ወጥ ሰው ቀጥረሃል ተብሎ ይከሰሳል። የኔ የጥገኝነት ወረቀት በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነው። ክስ ያለበት ሰው ሲያሳድስ ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁ። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ።

ለሳኙ አልለመነኝም። ተነሳ፣ የፕላስቲክ ኩባያዬን ከጎኔ አንስቶ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠና በተረከዙ ረገጠው።

«አንተ ደንቆሮ! በምን ልጠጣ ነው?» ደረቱን ገፋሁት። እጁን አላነሳም።

ነገሩ ቀድሞ የገባው የሆሳዕናው ሰው ነው። «ጋሼ» አለኝ በቀስታ፣ «ማሰሮዎን ሰበረብዎት እኮ።»

ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ከሁሉም በኋላ የገባኝ እኔ ነበርኩ። ጠፍተው ነፃ ስለወጡት ሳወራላቸው ሰነበትኩ፤ እሱ ደግሞ ከመጫን የሚያድነው ጌታ ቸግሮት ነበር።

እስክሪብቶ ጠየቅሁና ፈረምኩ። የእጅ ጽሑፌ ያን ቀንም ያማረ ነበር።

«ለዚህ ሰው ብለህ ልትከሰስ?» አለ ፖሊሱ።

«ለሱ» አልኩት።

ስምንት ቀን ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ችሎቱ በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቷል ተባለና ከነጭምብሉ ጫኑት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

እኔ ተፈታሁ፤ ክሱ ግን ዛሬም ከስሜ ጋር አለ። ወረቀቴን ላሳድስ በሄድኩ ቁጥር መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ «ባባ፣ ይህ ሰው ምንህ ነበር?» ትለኛለች። ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ስለ ጫካዎቹ መንደሮች እስኪመሽ ልነግራት እችላለሁ። ፎርሙ ላይ ግን ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፤ «ዘመድ» እና «አሠሪ»። አሠሪ በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እመልስላታለሁ።