ከባልዲው የነቀልኩት ሽቦ

ልጅ ሳለሁ፣ ያን ቀን ወለቃ መንደር የነበርነው አባቴ፣ መካኒኩ አያ ገብሬ፣ ጓደኛዬ ወርቄና እኔ ነን። ዛሬ ባለቤቴ የዛገ የማኪና ብረት ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ነክሮ በባትሪ ሲያፈላው፣ ልጆቼን ከባልዲው እያራቅኩ ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ የወርቄ ቤተሰቦች በማግስቱ በአባቴ ማኪና ከመንደሩ ተነሥተው ወደ እስራኤል ሊሄዱ ነበር። አያ ገብሬ የማኪናውን የዛገ የፍሬን ብረት እንዲሁ ነክሮት፣ ቡናማ አረፋ ይወጣ ነበር።

«አያ፣ እሳት ሳይኖር እንዴት ይፈላል?»

«ኤሌክትሪኩ ዝገቱን እያስለቀቀው ነው። ጣትሽን ግን አደራ!»

ነገሩ በደንብ አልገባኝም። ዝገቱ ካልለቀቀ ወርቄ አትሄድም ብዬ ከባትሪው ወደ ባልዲው የገባውን ሽቦ ነቀልኩት። አያ ገብሬ አየኝ።

«ምነው ልጄ? ጓደኛሽ ያለ ፍሬን ትሂድ?»

ደንግጬ ራሴው መልሼ አሰርኩት። በማግስቱ ሄደች።

ስለ ወርቄ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።