በር ላይ የቀረ መልስ

ሚልካን አንድ ቦታ ተቀምጣ ማየት የሚቻለው ጸሎት ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ስብከቱ ረዘም ሲል እግሯ ከወንበሩ ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እናቷ ወይዘሮ ሽቱ «ይቺን ልጅ አርግዤ ሳለ ሚዳቋ ሳላይ አልቀረሁም» ይላሉ። ምሳ ስትበላ ትነሣለች፤ ስልክ ስታወራ ግቢውን ትዞራለች፤ የጀመረችው ነገር ሳያልቅ እንቅልፍ የሚባል አይወስዳትም።

ሥራዋ እንጅባራ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተሮችን መከታተል ነው። ሰው የሚጠራት ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስ ነው፤ እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር። በየወረዳው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ደም ሲቸግራቸው ይጠይቃሉ፤ ሆስፒታሉ መልሱን ሊነግራቸው ሲል ግን መንገድ የለም። ሞባይሉ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። የመሥሪያ ቤቶቹን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው መስመር አይጠፋም፤ ነገር ግን በየጤና ጣቢያው በር ላይ ፕሮክሲ የሚሉት የኮምፒውተር ዘበኛ አለ። ዘበኛው ከጤና ጣቢያው ወጥቶ የሚጠይቀውን ያሳልፋል፤ መልሱን ይዞ ሲመለስም ያስገባዋል። ሳይጠሩት ከውጭ የሚያንኳኳውን ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዝር አያስብልም።

መጀመሪያ ሚልካ የጤና ጣቢያዎቹ ኮምፒውተሮች በየአፍታው «መልስ አለ?» እያሉ እንዲጠይቁ አደረገች። «የለም፣ የለም፣ የለም» በሚል ወሬ መስመሩ ተጨናነቀ። ኋላ ግን ምጥ ወደ ያዛት ጎረቤት ደጅ ሰው የሚላክበት ወግ ትዝ አላት፦ ሂድ፣ ጠይቅ፣ ሳትሰማ እንዳትመለስ። ጠያቂው አንዴ ይጠይቃል፤ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ወሬ ከሌለው በር ላይ ያቆመዋል፤ ወሬው የመጣ ጊዜ ወዲያው አስይዞ ይሰደዋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚያ መስመር ላይ ግን ይነቅዛል፤ ዘበኛው ብዙ ዝም ያለውን እንደ ሞተ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጠያቂው ከመቆረጡ በፊት «እስካሁን የለም» ተብሎ ይሸኝና ያኔውኑ ተመልሶ ይጠይቃል። ይህን የሠራች ቀን ሚልካ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን እስክስታ መታች።

አንድ ማክሰኞ ጧት ሞባይሉ ከነጭራሹ ጠፋ። ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብላ ካለች ጤና ጣቢያ፣ የጤና መኮንኑ አድማሴ ሚልካ በሠራችው የኮምፒውተር ገጽ የላከው ጥያቄ ደረሰ፦ እናትነሽ የምትባል ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው፤ የደሟ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ እናንተ ዘንድ አለ ወይስ ዳንግላ እንውሰዳት? የላቦራቶሪው ዮናዳብ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አየና «አለ፤ ቶሎ አምጧት» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ግን እዚያው በር ላይ ቀረ። ሚልካ ስክሪኗን አየች፤ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ የነበረበት የአድማሴ ጠያቂ የለም።

«ላኪያ!» አላት ዮናዳብ።

«በምን ልላከው? እሱ ካልጠየቀኝ እኔ አልገባበትም እኮ!»

«ቆየት ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።»

«ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት ቆየት ትለኛለህ?»

ተነሣች፤ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሣች። ቀደም ሲል አንድ አምቡላንስ ደም ፍለጋ እዚህ ገብቶ «የለም» ስለተባለ፣ የጤና ጣቢያዎቹ ልማድ መልስ ካልደረሳቸው እንጅባራን አልፎ ዳንግላ መብረር ሆኗል። ያቺ ሴት የሚያድናት ደም ባለበት ደጅ ልታልፍ ነው። ሚልካ ፈራች። ስትፈራ ደግሞ እግሯ ይቀድማታል፤ ዮናዳብ «ወዴት ነው?» ሲል እሷ ከግቢው ወጥታለች።

ከግምጃ ቤት የሚመጣው መንገድ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ደርሳ ቆመች። በእጅ አምቡላንስ አይቆምም፤ አገሩ ሁሉ እጁን እያውለበለበ «እስከ ዳንግላ ጣሉኝ» ስለሚል፣ ሾፌሮቹ እጅ ማየት ከተዉ ቆይተዋል። ግራ ቀኝ ስታይ፣ በአባቷ ዕድሜ ያሉ አንድ ባለጋሪ ድንች ጭነው ይመጣሉ፤ የምታውቃቸው ጋሽ ወገኔ ናቸው።

«ጋሽ ወገኔ፣ በጋሪው መንገዱን ይዝጉልኝ!»

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«አምቡላንስ እየመጣ ነው። የታማሚዋ ደም ያለው እዚህ ነው፤ እነሱ አላወቁም፣ ሊያልፉ ነው!»

«አየ ጉድ! አምቡላንስ ዘግቼ ፖሊስ ቢወስደኝሳ?»

«አብሬዎ እታሰራለሁ!»

ጋሽ ወገኔ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ፈረሱን በአዊኛ አንድ ነገር አሉትና ልጓሙን ሳቡ፤ ጋሪው ከነድንቹ መንገዱ ላይ ተጋደመ። ከኋላ የተሰለፉት ባጃጆች የስድብ ዶፍ አወረዱባቸው። ሳይረኑ ተሰማ። የአምቡላንሱ ሾፌር እየተራገመ ፍሬን ያዘ፤ ሚልካ በሩን በሁለት እጇ ደበደበች።

«ደሙ እኛ ጋ ነው! እዚሁ ግቡ!»

አድማሴ ጉሉኮስ እንደያዘ አንገቱን ብቅ አደረገ። ከኋላው እናትነሽ ፊቷ አመድ መስሎ ተኝታለች፤ ባሏ ነጋ እግሯን በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል።

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁንም?» አላት አድማሴ።

«ገጹን ለምን ዘጋኸው?»

«እንዴ! ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ስትዞር፣ ስትዞር፣ ስትዞር! ስታክ አድርጓል፣ ኔትወርክ የለም ብዬ ነዋ የዘጋሁት!»

ክቧ የምትዞረው ጠያቂው በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። ሚልካ የምትደነግጠው ክቧ ስትቆም ነበር። ግን በዚህ አገር ኮምፒውተር ከነካ ሰው መካከል በምትዞር ክብ ፊት ተቀምጦ ያላረረ ማን አለ? እሷ ራሷ ባንክ ቤት ተሰልፋ ስንቴ ተራግማለች። ገጹን ስትሰጣቸው ስለ ክቧ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ያን ቀንም እንደ ልማዷ ቸኩላ ነበር። እፍረቱ እስከ ጆሮዋ አጋላት።

ጋሪው ተነሣ፤ አምቡላንሱ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈ፤ እሷም ከኋላው ሮጠች።

ከቀትር በኋላ ዮናዳብ ብቅ ብሎ «ደሙ ቆሟል፤ ዐይኗን ገልጣለች» አለ። ነጋ ሚልካን ፈልጎ አገኛት፤ ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ በትከሻው ያዘችው።

«እግዜር ነው አንቺን መንገድ ላይ ያቆመልኝ። በይ ስምሽን ንገሪኝ፤ የተወለደችውን ልጅ በስምሽ ነው የምጠራት።»

«የለም፣ የለም! መልሱ ያልደረሳችሁ በእኔ ጥፋት ነው። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስትዞር አትዝጉት አላልኳቸውም። ሚስትህ ብትሞት ኖሮ እኔ ነበርኩ የገደልኳት።» እንባዋ መጣ።

ነጋ ቀና ብሎ አያት። የተቆጣ መስሏት ስድቡን ጠበቀች።

«ሌሎቹስ ጤና ጣቢያዎች?» አለ። «እነሱ ይህን ሰምተዋል?»

ጧት ሚልካ ስክሪን ላይ የአዘና ጤና ጣቢያ ጠያቂም ቦታ ባዶ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብላ አልፋዋለች። አሁን ብትጽፍላቸው፣ ገጹን ለዘጋ ሰው መልእክት አይደርስም። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም።

ራሷ ሄዳ ልትነግራቸው መናኸሪያ የደረሰችው ትንፋሿ ተቆራርጦ ነው። የአዘናው ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ፣ ስሟን ለነጋ እንዳልነገረችው ትዝ አላት።