ቀይዋ መኪና በሽማግሌ ፊት

ባለቤቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወረቀት ዘርግቼ መልሼ አጥፌዋለሁ። ከሕመሙ ልጀምር ስል እጄ እምቢ ይላል። ስለዚህ ከመኪናዋ እጀምራለሁ። ስለ መኪናዋ ሳስብ እስቃለሁ፤ ስስቅ ደግሞ እጄ ይታዘዝልኛል። በቀን ግማሽ ገጽ ከሄደልኝ ይበቃኛል።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። እሱ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ከሚሊኒየሙ በኋላ ወደ ቡሬ አዛወሩት። ቤታችንን ትተን መሄድ ስላልፈለግን ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ማታ በሚኒባስ ይመለሳል። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው እስኪሞላ ይቆማል፤ ከሞላም በኋላ እስኪተርፍ ይቆማል። አንድ ቀን የሰው ዶሮ ታቅፎ ቡሬ ደረሰና፣ ዶሮዋ ሱሪው ላይ ያደረገችውን በመዝገብ ሸፍኖ ስብሰባ ላይ ሪፖርት አቀረበ። ማታ ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "በቃኝ፤ መኪና እንገዛለን" አለ።

በመግዛቱ አልተጣላንም። ቀይ ትሁን አለ፣ እሺ አልኩ። ሁለት በር ያላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ ከኋላዋ እንደ ክንፍ ያለ ነገር ያላት ትሁን አለ፣ አሁንም እሺ አልኩ። ዕድሜው አርባ አምስት ነው፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ በዚህ ጊዜ ሰው አንዳንድ ነገር ያምረዋል። የተጣላነው በማርሹ ነው። እሱ ማንዋል ካልሆነ አለ፤ እኔ አውቶማቲክ ካልሆነ አልኩ።

የእኔ ምክንያት ግልጽ ነበር። አንድ ክረምት ባሕር ዳር ሰንብቼ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። እንዴት እንዳወጣሁት ፈታኙና እግዚአብሔር ያውቃሉ፤ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት አይሆንልኝም። ፍሬን መልቀቅ፣ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ነዳጅ መስጠት፤ ሦስት ሥራ በሁለት እግር! መኪናው ወይ ይጠፋብኛል ወይ ወደ ኋላ ይዞኝ ይሄዳል። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን በቦርሳዬ ይዤ አራት ዓመት በእግሬ ሄድኩ። አውቶማቲክ ከተገዛ እነዳለሁ። ማንዋል ከተገዛ ዕድሜ ልኬን ከጎኑ ተቀምጬ "ቀስ በል" ስል እኖራለሁ።

"ማርሽ የማይቀይር ሰው ነጂ አይደለም" ይለኛል። "መሪ የያዘ ተሳፋሪ ነው።"

"እኔ ግን መሪም ያልያዝኩ ተሳፋሪ ነኝ፤ የማን ይብሳል?"

"ባትሪው ቢሞትስ? አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሣም። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መኪና ሊገፋልሽ ይመጣል። ይህን ሁሉ ጉልበት ልናባክነው ነው?"

"ባትሪ ይቀየራላ!"

"የማርሹ ካምቢዮ ቢበላሽስ? እዚህ ያሉት መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ከፍተው አያውቁም።"

"የማንዋሉንም ቢሆን ይከፍቱታል እንጂ መቼ ይዘጉታል?"

ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። ወጥ ጨው ሲያንሰው እንኳ አይናገርም፤ ተነሥቶ ራሱ ያመጣል። ባልና ሚስት እንዲህ ሲሆኑ በእኛ አገር ሽማግሌ ይቀመጣል። በመሬት፣ በከብት፣ በአማት ነገር ሽማግሌ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ በማርሽ የተቀመጠው ግን በእኛ ብቻ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። ሦስተኛው ተዝካር ስለተጠሩ ቀሩ፤ በእርግጥ ከማርሽ ተዝካር ይሻላል። አንደኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው የባለቤቴ አጎት፣ ከቋሪት ከገበዝ ማርያም በኩል የመጡ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። ሁለቱም መሪ ጨብጠው አያውቁም። አንድ የመኪና ደላላ ሁለት መኪና ከባሕር ዳር አምጥቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን ካለችው ዋንዛ ሥር አቆመ። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ክንፍ፤ የሚለዩት በማርሻቸው ብቻ ነው።

አጎትዬው ሁለቱንም መኪና በዝግታ ዞሯቸው። ጎማውን በዱላ ነካ አደረጉ፣ ኮፈኑን አስከፍተው ረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ አዩ፣ ጎናቸውን በመዳፍ ዳበሱ።

"የዚች ዕድሜዋ ስንት ነው?" አሉት ደላላውን።

"አዲስ ናት አባባ፤ አንዲት ሐኪም ናት የነዳቻት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ።"

"እኔም እንዲሁ ነው የምል፤ እኔ መነኩሲት ናት የጋለበቻት እላለሁ" አሉት። ደላላው ከዚያ ወዲያ ዕድሜ አላነሣም።

መጀመሪያ የተሞከረችው አውቶማቲኳ ነበረች፤ እኔ ልነዳ፣ አጎትዬው ከጎኔ፣ አባታችን ከኋላ። ሁለት በር ስለሆነች የፊቱ ወንበር ታጥፎ አባታችን ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጃንጥላቸውን አስቀድመው፣ በጉልበታቸው ገቡ። "ወደ መቅደስም ጎንበስ ተብሎ ነው የሚገባ" አሉ። ባለቤቴ ዋንዛው ሥር እጁን አጣምሮ ቀረ።

እንዴት እንደ ነዳኋት! ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው የኮብልስቶን አቀበት መካከል ሆን ብዬ ቆምኩ፤ እንደ ገና ተነሣሁ። ስንዝር ወደ ኋላ አላለችም። እረታለሁ ብዬ በልቤ ዘፈንኩ። ደጃችን ስንመለስ ቆምኩና፣ አባታችን እንዲወርዱ ከዋንዛው ጠጋ ልበል ብዬ እግሬን ከፍሬኑ አነሣሁ። መኪናዋ በቀስታ ተንሸራትታ ሄደች።

"ረገጥሽ?" አሉ አጎትዬው።

"አልረገጥኩም አባባ፤ እግሬን ነው ያነሣሁት።"

"ማንም ሳይነካት ሄደች?"

"እንዲህ ነው የተሠራችው፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ በራሷ…"

"ተዪው፣ ገብቶኛል።" ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ፦ "ሳይኮረኩሯት የምትሄድ በቅሎ ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ። ለማውቀው ሰው ግን ሸጬ አላውቅም!"

ቀጥሎ ማንዋሏ ቀረበች። ለፍትሕ ሲባል አሁንም እኔ ልንዳ ተባለ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፤ መኪናዋ አንዴ ዘልላ ቀጥ አለች። አጎትዬው ግንባራቸው መስታወቱን ሊሳለም ምንም አልቀረው። ሁለተኛም ለቀቅሁ፣ ሁለተኛም ጠፋች።

"አያችሁ!" አልኩ። "አስቸጋሪ ናት።"

"አኮረፈች እንጂ መቼ አስቸገረች?" አሉ አጎትዬው። "ስትበድያት ቆመች፤ ይዛሽ ገደል አልገባች። ይች ጨዋ ናት። ዓመል ያለው ካንቺ እግር ነው።"

የቀረኝ ተስፋ አባታችን ነበሩ። እሳቸው ደግሞ በአውቶማቲኳ ስንሄድ ከኋላ ተኝተው ኖሯል።

"ልጆቼ" አሉ፣ "ከቅዳሴ በኋላ እኔን ያስተኛች መኪና፣ ከስብሰባ በኋላ እሱን ምን ልታደርገው ነው?"

"አባታችን፣ የተኙት ስላልተንገጫገጨች ነው እኮ! ይህ የእኔ ምስክር ነው።"

"ልጄ፣ ምስክሩማ ተኝቶ ነበር።"

ባለቤቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እኔም ሳልወድ አብሬ ሳቅሁ፤ የታረቅነው ያን ጊዜ ይመስለኛል፣ ፍርዱ ገና ነበር። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፦ ማንዋሏ ትገዛ፤ ባል ሚስቱን ያስተምር፤ ፍልሰታ ሲገባ ሽማግሌ ይመለስ። ያን ጊዜ እኔ ከዚያው አቀበት መካከል ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ሳይደረግልኝ ከተነሣሁ ነገሩ ያበቃል፤ ካልተነሣሁ መኪናዋ በአውቶማቲክ ትለወጥ። ይህችን ሁለተኛዋን ያስጨመሩልኝ አባታችን ናቸው፤ በመተኛታቸው ሳያዝኑ አልቀሩም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ካልቻልኩ የምፈልገውን አገኛለሁ፣ ከቻልኩ አጣለሁ። ስለዚህ ሚስቱን መኪና ለማስተማር እንደ እሱ የተጋ ባል በአገሩ አልታየም። በየማታው ከቡሬ እንደ ተመለሰ ወደ አቀበቱ ነው። የእጅ ፍሬኗ ከመጀመሪያውም አጥብቆ አይዝም ነበርና ከኋላ ጎማዋ ሥር ታኮ የምናደርገው አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበረን። እሱ ድንጋዩን ያስገባል፣ እኔ እነሣለሁ፣ እሱ ድንጋዩን ተሸክሞ እየሮጠ ይከተለኛል። አህያ ነጂው፣ ተማሪው፣ ከጸሎት የሚመለሱ ባልቴቶች ቆመው ያያሉ።

"አይዞሽ የእኔ እመቤት!" ይላሉ ባልቴቶቹ። "እሱን ግን አታስሩጪው፤ ከሳብሽ።"

"ጆሮሽን ስጫት" ይለኛል እሱ፣ ከጎኔ ሲቀመጥ። መዳፉን ማርሹ ላይ ባለው እጄ ላይ ያደርጋል። "ፍሪሲዮኑን ስታነሺ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያዘችሽ ማለት ነው። ያኔ ፍሬኑን ልቀቂ።"

ድምፅዋ ዝቅ ሲል እኔ እደነግጣለሁ፣ እሷ ትጠፋለች።

"ሆን ብለሽ ነው" ይላል።

ሆን ብዬ አልነበረም። ሁለት ቀን ብቻ ነው ሆን ብዬ ያደረግሁት።

በመሥሪያ ቤቱም ቀይዋ መኪና ስም አወጣችለት። በግምገማ ላይ አንዱ ተነሥቶ ክንፏ "የኪራይ ሰብሳቢነት አዝማሚያ ያሳያል" አለ አሉ። ባለቤቴ ሂሱን ተቀበለ፤ ግን ክንፏን በራሷ አላበቀለችም፣ ከነክንፏ ነው የገዛኋት ብሎ አስመዘገበ።

ሐምሌ ላይ አሞት ተኛ። ጉንፋን ነው ብለን ነበር። መድኃኒት ላመጣ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ፤ እሱ ከአልጋው ሆኖ "ድንጋዩን አትርሺ" አለኝ። ስመለስ አቀበቱ መካከል በጎች መንገዱን ሞሉትና ቆምኩ። ዝናብ ያካፋል፤ ኮብልስቶኑ ይንሸራተታል፤ ከኋላዬ በቆሎ የጫነ ጋሪ ቆሟል። ድንጋዩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ ወርጄ እንዳላመጣው እግሬን ከፍሬኑ ካነሣሁ ጋሪውን ከነፈረሱ ይዤው መውረዴ ነው። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ጆሮዬን ሰጠኋት። ድምፅዋ ዝቅ አለ። ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ሽቅብ ወጣች።

ቤት ገብቼ በጎች አቀበቱ ላይ እንዳስቆሙኝ ስነግረው "ድንጋዩን ማን አደረገልሽ?" አለኝ።

"አንድ ሰው" አልኩት።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ልረታው ነው፤ ከረታሁ በኋላ እነግረዋለሁ፣ አውቶማቲኳ ደጃችን ስትቆም፣ አብረን እንስቃለን ብዬ ነበር። ፍልሰታ ሳይገባ አረፈ። ጉንፋን አልነበረም።

ያን ውሸት ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። ንስሐ እንዳልገባ የንስሐ አባቴ የነገሩ ዳኛ ናቸው።

አርባው ካለፈ በኋላ አጎትዬው ከቋሪት መጡ። ተቀምጠው ስለ ሰብል፣ ስለ ዝናብ አወሩና ሲበቃቸው "ያ ነገር ሳያልቅ ቀረ" አሉ። "ደላላውን አነጋግሬዋለሁ፤ አውቶማቲክ አለው። የተፈረደ ግን በወጉ ይለቅ። ነይ አቀበቱን ውጪና፣ ሲያቅትሽ ልይልሽና፣ እንለውጣት።"

ሁለት ወር ቆማ ባትሪዋ ሞቶ ነበር። ገና ቁልፉን ሳዞር የጎረቤት ወንዶች ሳልጠራቸው መጥተው ገፏት፤ ተነሣች። እሱ ቢኖር ኖሮ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ አፉን እንኳ አይከፍትም ነበር፣ ያይ ነበር ብቻ።

አቀበቱ መካከል ቆምኩ። አጎትዬው ከጎኔ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ድንጋዩን ላድርግልሽ?"

"ይቀመጡ አባባ።"

"ሲያቅትሽ አትፈሪ፤ የበሩን እጀታ ጨብጫለሁ።"

ማርሹን ጨበጥሁ። አናቱ ላይ የነበሩት ቁጥሮች በመዳፉ ተፍቀው አልቀዋል፤ አንድና ሁለት የለም፣ ሦስት ብቻ ትንሽ ይታያል። ፍሪሲዮኑን አነሣሁ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ለቀቅሁ። ስንዝር ወደ ኋላ ሳትል ወጣች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረስን። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ይኸ የዛሬ አይደለም።"

"አይደለም አባባ።"

"እሱ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም። ልረታው ብዬ ደበቅሁት።"

በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳያቸው እየሳቁ ነው፤ ወይም ሁለቱንም ያደርጉ ነበር።

"ኧረግ! ይኸን ዓመልሽን ቀድሜ ባውቅ አብሬሽ በቅሎ እነግድ ነበር።" ቀጥለውም "እንግዲህ እሱ ረታሽ" አሉ።

"ረታኝ።"

"ይግባኝ አለሽ?"

"አለኝ። አሁንም አውቶማቲኳ ትሻል ነበር።"

"ለማን ልትዪ?"

ማርሽ አስገብቼ ቁልቁል ይዣቸው ወረድኩ።

መኪናዋ አለች። ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬን አሳፍሬ ቡሬ ወሰድኳት። ማንኩሳን አልፈን አንዱን ዳገት ስንይዝ የግራ ጉልበቴን እንደ ወትሮው ወጋኝና "ነግሬህ ነበር" አልኩ፣ ማርሽ እየቀየርኩ። "አውቶማቲክ ቢሆን ይህ ጉልበት አይቆረጠምም ነበር።"

ልጅቷ ወደ ኋላ ወንበር ዞራ አየች። "ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?" አለችኝ።

"ክርክር ላይ ነኝ" አልኳት፤ ዳገቱ አልቆ ስለ ነበር ወደ አራት አስገባሁ።