«ድኛለሁ» ልል ስል «ፈርቻለሁ» ያልኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀር እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ማይኩን የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ወጣቶች፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። የሚያስቅ ቦታ አለው፤ ሳቁ፣ አልቆጣም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ያጠናሁት በራሴ ነው። በሥራ ቀን መሃል ከተማ፣ ሴንትሩም ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፣ እሑድ እዚህ አስተምራለሁ። ስንቶቻችሁን «ክርስቲያን አይፈራም!» ብዬ ተቆጥቻለሁ! ሽማግሌዎቻችን «ወንድማችን፣ የኖርዌጂያኖቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ግባና ተማር» ሲሉኝ እምቢ ማለት አሳፈረኝ። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ተማሪ ሆንኩ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰውነቴ የእኔ አልሆነም። ከሰፈሬ ከአመሩድ ወደ ኮሌጁ ባቡር ስሳፈር ደረቴ ይመታል። መጽሐፉን ስገልጥ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ምንም እንደማላውቅ ይታወቅብኛል ብዬ እጨነቅ ነበር። ከዚህ የባሰም ነበረ፤ በተማርኩ ቁጥር እምነቴ ከእጄ የሚያመልጥ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሜን «ልቤን አሞኛል» አልኳት። መርምራኝ ስታበቃ፦

«ልብህ ጤነኛ ነው። የምትፈራው ነገር አለ?»

«ዶክተር፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሃይማኖትህ አይደለም» አለችኝ። ተቀይሜ ወጣሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መምህሩ «እያንዳንዳችሁ ስለ እምነታችሁ በአጭሩ ተናገሩ» አለ። በኖርዌጂያን «ሬዴት» የዳነ ማለት ነው፤ «ሬድ» ደግሞ የፈራ። ሁለቱን የምትለያቸው የቃሉ ጭራ ብቻ ናት። «ያይ ኤር ሬዴት፣ ድኛለሁ» ልል ተነሣሁ። «ያይ ኤር ሬድ» እንዳልኩ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ጭራዋ አልወጣችም! ልጆቼ በሚሆኑ ወጣቶች ፊት ፈርቻለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ኖርዌጂያዊት «ያይ ኦግሶ፣ እኔም» ብላ ሹክ አለችኝ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለሳሮን «ከእንግዲህ አልመለስም። የቃል ፈተናውም ይቅርብኝ። እሑድ ማስተማሬንም አቆማለሁ» አልኳት። የሆነውን ስነግራት በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

«አባ፣ ግን ውሸት ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«መፍራትህ ነዋ! መታጠቢያ ቤት ዘግተህ ስትለማመድ ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ እኔ እሰማለሁ። ጌታ አይሰማም?»

«አንቺ! አባትሽን እኮ ነው የምታናግሪው!»

«እሺ፣ እሺ። የፈራውን አባቴን።»

ከሐኪሟ አምልጬ ነበር፤ ከልጄ ግን የት ልግባ?

ትምህርቱን ሳልተው ቀረሁ። የቃል ፈተናው ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ደረቴ መምታት ጀመረ። እንደ ልማዴ «የፍርሃት መንፈስ፣ ውጣ!» ልል ነበር። አልቻልኩም። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ» አልኩት። ወገኖቼ፣ በእምነት ዘመኔ ሁሉ ይህን ለእርሱ ነግሬው አላውቅም ነበር! ፍርሃቱ በነነ ብዬ አልዋሻችሁም። አልሄደም። ከነፍርሃቴ ገባሁ።

መምህሩ ስለ ጌቴሴማኒ ጠየቀኝ። ምዕራፉን እዚህ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ጌታ የደነገጠበትን ቦታ ግን ሁልጊዜ እዘለው ነበር፤ ስለ እርሱ ያፈርኩ ይመስል። መምህሩ የጠየቀኝ ያንኑ ነው።

«ኢየሱስ እዚያ ጋ ምን የሆነ ይመስልሃል?»

ከዚያ ጉሮሮዬ ተከፈተ፤ ሃሌሉያ! በተሰባበረ ኖርዌጂያን «ተጨነቀ። ጭንቀቱን ግን አልደበቀም። ለአባቱ ነገረው፤ ወዳጆቹንም አብራችሁኝ ቆዩ አላቸው» አልኩት። ሌላ ጠየቀኝ፤ ሌላ መለስኩ። በመጨረሻ «ሰዋስውህ ብዙ ይቀረዋል» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። «አልፈሃል ግን» አለኝ። ክብር ለስሙ ይሁን! እልል በሉ!

አሁንም እማራለሁ። አሁንም አንዳንድ ቀን ጠዋት ደረቴ ይመታል። እምነቴ ግን አላመለጠኝም፤ ለካ የያዘኝ እርሱ ኖሯል! ተመስገን ጌታዬ!

ኃጢአትን ዛሬም እቆጣለሁ፤ ለዘብኩ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ መልስ የምትጠብቁ፣ የሐኪም ውጤት የምትጠብቁ፣ ስለ ልጃችሁ የምትጨነቁ፣ ፍርሃቱ ሲለቀኝ ወደ ጌታ እቀርባለሁ አትበሉ። እየተንቀጠቀጣችሁ ኑ። እርሱን እመኑት። ጉባኤው ሲያበቃ ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የፈራ ሰው መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ። «አትፍራ» ብዬ አልገሥጸውም። አብረን ለጌታ እንነግረዋለን።