የእማማ ስመኝ ወለል

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ጦርነት ቤታቸውን ላፈረሰባቸው ቤተሰቦች ቀበሌው ቤት በሚያሠራበት ሜዳ ሳልፍ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ሸተተኝ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ያ ሽታ ከሮብ ገበያ ማዶ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ይዞኝ ነጎደ።

ያኔም ጦርነት አልፎብን ነበር። ሰባት ቤቶች ተቃጥለው፣ የእኛም ጭምር፣ በቀበሌው አዳራሽ ተጠልለን፣ በጆንያና በአሮጌ ጋቢ ተከላልለን እንኖር ነበር። ለትልልቆቹ መከራ የሆነው ኑሮ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ ገነት ነበር፤ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን በእንቅልፉ ከበሬው ጋር እንደሚጨቃጨቅ፣ በጆንያው ቀዳዳ ያልደረስኩበት ምስጢር አልነበረም። ያልገቡኝ እማማ ስመኝ ብቻ ነበሩ። ብቻቸውን ከጥግ የሚያድሩ ዝምተኛ አሮጊት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው ይወጡና ፀሐይ ሲጠነክር ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ተከተልኳቸው። የሚሄዱት ወደ ተቃጠለው ቤታቸው ነበር። ጣራ የለ፣ ግድግዳ የለ፤ ወለሉ ግን በእበት ተለቅልቆ፣ ተጠርጎ፣ እንግዳ የሚጠበቅበት ቤት መስሏል። እኔም ዘው ብዬ ገባሁ።

«አንቺ! በግድግዳ ነው እንዴ የሚገባው? በበር ግቢ እንጂ!»

ደንግጬ ወጣሁና፣ በር በነበረበት በኩል ዞሬ፣ ጎንበስ እንኳ ብዬ ገባሁ።

ቤት የሚሠራላቸው ሰዎች ስም የተነበበው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። አገሩ በደቦ ሊሠራ ተስማምቶ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም፣ እንጨቱ የሚበቃው ለስድስት ቤት ብቻ ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አያ አንዳርጌ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እማማ ስመኝ ብቸኛ ናቸው፤ ከአንዱ ቤተሰብ ይጠጉ» አሉ። እማማ ስመኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ቤት አላቸው እኮ! በየቀኑ ይጠርጉታል!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ። አያ አንዳርጌ ግን አልሳቁም። «እስቲ አሳዪኝ» ብለው ተነሡ፤ ጉባኤው ሁሉ ተከተለን።

አያ አንዳርጌ ከወለሉ ጫፍ ሲደርሱ ቆሙ። ማንም ሳይነግራቸው ዞረው፣ በር በነበረበት በኩል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ከወለሉ መሀል ቆመውም፣ «የመጀመሪያው ምሰሶ እዚህ ይተከላል» አሉ። የጎደለውን እንጨትም በማግስቱ ከራሳቸው ጓሮ አስቆረጡ።

እማማ ስመኝ በአዲሱ ቤት አራት ክረምት ኖሩ። እኔም ከዚያ አልጠፋም ነበር፤ ስለ ንብ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ሙሽርነታቸው ጠይቄ ያልመለሱልኝ የለም። ዛሬ አያ አንዳርጌም አልፈዋል፣ በቤቱ ቦታም ድንች ተዘርቶበታል። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ሲሠራ እማማ ስመኝ ሠራተኞቹን ለምነው ሦስት መደብ አሠርተው ነበር። በአንዱ ይተኛሉ፤ ሁለቱ ላይ ንጹሕ ቁርበት ተነጥፎ፣ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ያን ሁሉ ስጠይቃቸው፣ እነዚያ ሁለት መደቦች የእነማን እንደሆኑ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። አሁን ደግሞ የሚነግረኝ ሰው በመንደሩ አልቀረም።